«አይታይም» ካላችሁኝ ኪኒኑን ለምን እውጣለሁ?

ይህን ጥያቄ ደሴ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ መስኮት ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሰኞ ገበያ የምትነግድ እናት ትጠይቀኛለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠራ አድሮ በጠዋት የሃረጎን ዳገት በሚኒባስ የወጣ ወጣት ይጠይቀኛል። በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌርም ይጠይቀኛል። እዚህ ነጭ ጋዋን ያደረገ ሁሉ «ዶክተር» ነው። «ዶክተር፣ ቫይራል ሎዴ አይታይም ተብያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ከእንግዲህ ለምን አላቆምም?» ቫይራል ሎድ ማለት ደም ውስጥ የሚለካው የቫይረስ መጠን ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ምንም ሳያምህ፣ ምንም ሳይጎድልህ፣ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ቀላል ነገር አይደለም። ኪኒኑን ከጎረቤት፣ ከአማት፣ ከሥራ ባልደረባ ደብቆ መዋጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ዝም ብለህ ዋጥ» የሚል መልስ አልወድም።

የተለመደው መልስ «ቫይረሱ ተደብቆ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ግን ይጎድለዋል። ሰው «የት?» ብሎ ሲጠይቅ «ደም ውስጥ» ተብሎ ይሸኛል። የደም ምርመራው ደግሞ አይታይም ብሏል። እንግዲህ የቱን ይመን?

ቫይረሱ ያለው ሰውነታችን ያለፈ በሽታን በሚያስታውስባቸው ሴሎች ውስጥ ነው። ቲ ሴል ይባላሉ፤ ከእነሱም መካከል ለረጅም ዘመን ትውስታ የያዙት። ለምን እዚያ እንደገባና መድኃኒቱ ለምን ከዚያ እንደማያወጣው ለመረዳት መጀመሪያ ቲ ሴል እንዴት እንደሚያስታውስ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ረዘም ይላል። ቡና አቅርባችሁ አንብቡት።

ቲ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። እንደሌሎቹ የደም ሴሎች መቅኔ ውስጥ ይወለዳል። የሚበስለው ግን ደረት ውስጥ፣ ከልብ ከፍ ብሎ ባለ ታይመስ በሚባል ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ለረጅም ጊዜ ጥቅም እንደሌለው ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመሱን ሲያወጣ አይጦቹ በሽታ መቋቋም አቃታቸው። የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ ሰውነታቸው ባዕድ መሆኑን ለይቶ አልተፋውም። የማይረባ የተባለው ዕጢ የመከላከል አቅማችን መሠረት ሆኖ ተገኘ።

እያንዳንዱ ቲ ሴል ላዩ ላይ የራሱ የሆነ ተቀባይ አለው። ተቀባዩ የሚሠራው የዘረመል ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ እየገጣጠሙ ነው። ስለዚህ የኩፍኝን ቁራጭ የሚለይ ይወለዳል፣ የሳንባ ነቀርሳን የሚለይ ይወለዳል፣ ገና ማንም ሰው ላይ ያልታየ ቫይረስን የሚለይም አስቀድሞ ይወለዳል። በዘፈቀደ የተሠራ ነገር ደግሞ የራስን አካልም ሊያጠቃ ይችላል። ታይመስ ውስጥ ያለው ፈተና ለዚህ ነው። ራስን የሚያጠቃውም ምንም የማይጠቅመውም እዚያው ይሞታል። ከመቶ 95 የሚሆኑት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ከታይመስ በሕይወት አይወጡም።

ፈተናውን ያለፈው ገና ምንም ያላየ ሴል ነው። ከደም ወደ ንፍፊት፣ ከንፍፊት ወደ ደም እየተመላለሰ ይጠብቃል። አንድን የተወሰነ ጀርም ለይቶ የሚያውቅ ቲ ሴል ከመቶ ሺህ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንድ ቢገኝ ነው። አዲስ በሽታ መጀመሪያ ሲይዘን አልጋ ላይ የሚጥለን በዚህ ምክንያት ነው። የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ እስኪገናኙና እስኪበዙ ቀናት ይወስዳል።

የሚገናኙት ንፍፊት ውስጥ ነው። ጀርም በቆዳ ወይም በሳንባ ሲገባ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ባለቅርንጫፍ ሴሎች ቁራጩን ይዘው ወደ ቅርብ ንፍፊት ይሄዳሉ። ራልፍ ስታይንማን እነዚህን ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1973 አስተዋወቀ። በ2011 የኖቤል ሽልማት ሲታወጅለት ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር። ኮሚቴው መሞቱን አላወቀም ነበር፤ ሽልማቱ ግን ጸና። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

ቲ ሴል ቁራጩን ስላየ ብቻ አይነሳም። ተቀባዩ ከቁራጩ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ ዴንድሪቲክ ሴሉ የእውነት አደጋ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምልክት ይሰጠዋል። በዙሪያው ያሉ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠብቀው ይነግሩታል። ሁለተኛው ምልክት ከሌለ ሴሉ ይደነዝዛል። ይህ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ በበላነው እህልና በተነፈስነው አቧራ ሁሉ ሰውነታችን ይቆጣ ነበር።

አንዴ ከተነሳ ግን አያድርስ ነው። በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ይከፈላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሴል አሥር ሺዎች ይወጣሉ። ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ አንገታችሁ ሥር ንፍፊት የሚያብጠው ውስጡ ይህ ሁሉ ስለሚካሄድ ነው። ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎች ቫይረስ የገባበትን ሴል ፈልገው ይገድላሉ። ሲዲ4 የሚባሉት ደግሞ ሌሎችን ያስተባብራሉ፦ ለገዳዮቹ እርዳታ ይሰጣሉ፣ አንቲቦዲ የሚባሉ ጀርም የሚይዙ ፕሮቲኖችን የሚሠሩትን ቢ ሴሎች ያነሳሳሉ። ሲዲ4 የሚለውን ስም ወሎ ውስጥ የማያውቀው ያለ አይመስለኝም። «ሲዲ ፎሬ ስንት ገባ?» እየተባለ ስንት ሌሊት በጭንቀት ታድሯል።

ጀርሙ ሲሸነፍ ምን ይሆናል? ከተባዙት ውስጥ ከመቶ 90 እስከ 95 የሚሆኑት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። መሞታቸው ግድ ነው፤ ያ ሁሉ ገዳይ ሴል ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ የራሳችንን አካል ይጎዳ ነበር። የሚቀሩት ከመቶ 5 እስከ 10 ናቸው። የትውስታ ቲ ሴሎች የምንላቸው እነዚህን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ እነዚህ የተረፉት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ከመጀመሪያውኑ ለብቻ ተለይተው፣ ከውጊያው ርቀው የተቀመጡ ናቸው? ወይስ የተዋጉ ናቸው? ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተከራክረውበታል፤ በአይጥ ላይ የተገኘው ማስረጃም ወደ ሁለቱም ወገን ይጎትት ነበር። በሰው ላይ ጥሩ መልስ የሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ነው።

ቢጫ ወባ የባዕድ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሳው ወረርሽኝ 100,000 ገደማ ሰው ታሞ 30,000 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ክትባቱ ያኔም ነበር፤ ማክስ ታይለር በ1930ዎቹ የሠራው፣ በ1951 ኖቤል ያሸለመው ክትባት ነው። ውስጡ ያለው ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ብሏል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፦ ሰውየው ቫይረሱን ያገኘበት ቀን ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላም ቫይረሱ በአካባቢው ከሌለ ዳግም አያገኘውም።

አሜሪካ ውስጥ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው የራፊ አህመድ ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ፈቃደኛ ሰዎችን ከከተበ በኋላ ዲዩተሪየም የሚባል ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት «ከባድ ውሃ» አጠጣቸው። ሴል ሲከፈል አዲስ ዲኤንኤ ይሠራል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ዲዩተሪየምም እዚያ ዲኤንኤ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዚያን ሰሞን የተከፈለ ሴል ሁሉ ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ከብዙ ወራት በኋላ በደማቸው ውስጥ የተገኙት የትውስታ ሴሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በብዛት የተከፈሉት ናቸው። የተዋጉት ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይከፈሉ ሆነው ተኝተዋል። ሲያዩአቸው ምንም ያላዩ ለጋ ሴሎች ይመስላሉ፤ መግደያ ፕሮቲኖቹን አይሠሩም። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ግን ለመግደል የሚያስፈልጉት ጂኖች ሳይቆለፉ፣ ክፍት እንደሆኑ ተገኙ።

የድሮውን የወሎ ገበሬ አስቡት። ክተት ሲባል ይዘምታል። ሲመለስ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። መንገድ ላይ ብታገኙት ገበሬ ነው፤ ጠመንጃው ግን ተወልውሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዳግም ክተት ሲባል ተኩስ መማር አያስፈልገውም፣ አንስቶ መውጣት ብቻ ነው። የትውስታ ቲ ሴል እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ያው ጀርም ተመልሶ ሲመጣ አንድ ሳምንት የሚፈጀው ነገር በጣም የሚያጥረውና ብዙ ጊዜ መታመማችንን እንኳ ሳናውቅ የሚያልፈው።

መተኛት ሲባል ግን ድንጋይ መሆን አይደለም። ሴሎቹ በሕይወት የሚቆዩት ኢንተርሉኪን 7 እና ኢንተርሉኪን 15 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች «ቆይ» እያሏቸው ነው። ውጊያ ላይ እያሉ ስኳር በፍጥነት ያነዱ ነበር፤ ሲያርፉ ወደ ስብ ይዞራሉ፣ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎቻቸውም ይበዛሉ። አልፎ አልፎ ይከፈላሉ፣ አንዳንዱ ይሞታል፣ ሌላው ይተካል። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ትውስታ ስንል አንድ ሴል ሃምሳ ዓመት ኖረ ማለታችን አይደለም፤ ዘሩ ሳይቋረጥ ኖረ ማለታችን ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

የሚኖሩበት ቦታም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፌዴሪካ ሳሉስቶና አንቶኒዮ ላንዛቬኪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት አንዳንዶቹ ንፍፊት ውስጥ ይቆያሉ፣ ሌሎቹ በደምና በአካል ክፍሎች ይዘዋወራሉ። ቆይቶ ደግሞ ቆዳ፣ ሳንባና አንጀት ውስጥ ገብተው ከዚያ የማይወጡ እንዳሉ ታወቀ። እኔ ከክንድ የምቀዳው ደም ውስጥ ያለው ከጠቅላላው ቲ ሴል ከመቶ ሁለት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በየአካሉ ተበትኖ ይኖራል። የደም ውጤት ወረቀት ስታነቡ ይህን አስታውሱ።

ትውስታው ስንት ዓመት ይቆያል ለሚል ከሁሉ የምወደው ማስረጃ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ፋሮ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ገባ። ፒተር ፓኑም የሚባል ወጣት ዴንማርካዊ ሐኪም ተልኮ ሄደ። ከ7,800 ገደማ ነዋሪ ከ6,000 በላይ ታሟል። እዚያ ኩፍኝ ከዚያ በፊት የታየው በ1781 ነበር፤ ያኔ በልጅነታቸው ታመው የነበሩ ሽማግሌዎች ከ65 ዓመት በኋላ አንዳቸውም አልተያዙም። እኛ ዘንድም «ኩፍኝ አይደገምም» ሲሉ የኖሩት እናቶች ያዩትን ነው የተናገሩት። በእርግጥ ይህን ሁሉ የሠራው ቲ ሴል ብቻ አይደለም፤ አንቲቦዲም ድርሻ አለው። ሁለቱን ለይቶ ያየ በ2003 የወጣ ጥናት አለ። ከፈንጣጣ ክትባት በኋላ እስከ 75 ዓመት በቆዩ ሰዎች ላይ አንቲቦዲው ሳይቀንስ ሲገኝ፣ ቲ ሴሎቹ ደግሞ በየ8 እስከ 15 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሱም ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይገኙ ነበር። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ደሴ ውስጥ ክንዳቸው ላይ ያ የክትባት ጠባሳ ያለባቸው አዛውንት ብዙ ናቸው። ከጠባሳው ጋር ትውስታውም እስከ ዛሬ ያለባቸው ይኖራሉ።

ስለ ራሳችን አገር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ነበር። ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከጤነኛ ደቾች ጋር ሲያነጻጽሩ የእኛ ሲዲ4 ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በተለይ ገና ምንም ያላዩት ለጋ ሴሎች አንሰው፣ የነቁትና ትውስታ የያዙት በዝተው ነበር። ውጤቱ በ1999 ታትሟል። ለእኔ ይህ ከባድ ትርጉም አለው። ኤችአይቪ የሌለበት ጤነኛ ሰው እንኳ በአውሮፓ መለኪያ ሲታይ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል ማለት ነው። የሰውን አካል በሌላ አገር ቁጥር መለካት ትክክል አይመስለኝም፤ ይህን የሚያውቁ የአገራችን ተመራማሪዎች ያን ሥራ በመሥራታቸው ባለውለታችን ናቸው።

አሁን ወደ ኤችአይቪ እንምጣ።

ኤችአይቪ የሚገባው ሲዲ4 ቲ ሴል ውስጥ ነው። ገብቶም የራሱን ዘረመል ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋል። የሚመቸው የነቃ፣ እየተከፈለ ያለ ሴል ነው። እንዲህ ያለው ሴል ቫይረስ ማምረቻ ይሆንና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። አብዛኛው ቫይረስ የሚወጣው ከእነዚህ ነው፤ ሕክምና ሲጀመር ቫይራል ሎድ ቶሎ የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ውጊያውን ጨርሶ ወደ ዕረፍት ሊገባ ሲል የተያዘው ሴል ነው። ሴሉ ይተኛል። ጂኖቹ ጸጥ ይላሉ። ቫይረሱም ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ተሰፍቶ ስለቀረ አብሮ ጸጥ ይላል። ምንም አያመርትም። ቫይረሱ ይህን ያቀደው አይደለም፤ ሴሉ የትውስታ ሴል ስለሆነ ብቻ ለዓመታት ይኖራል፣ ቫይረሱም አብሮት ይኖራል። ለክትባት ዕድሜ የሚሰጠው ያው ነገር ለኤችአይቪም ዕድሜ ሰጠው።

መድኃኒቱን እዩት እንግዲህ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ቲኤልዲ በአንድ ኪኒን ሦስት መድኃኒት ነው። ሁለቱ ቫይረሱ ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ እንዳይገለብጥ ይከለክላሉ፤ ሦስተኛው ዶሉቴግራቪር ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር እንዳይሰፋ ይከለክላል። ሦስቱም ቫይረሱ አዲስ ሴል ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ነው የሚይዙት። በተኛ ሴል ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን ምንም እየሠራ አይደለም። ስፌቱ ድሮ አልቋል። መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር የለም። የሰውነታችን የመከላከል አቅምም አያየውም፣ ምክንያቱም ሴሉ የቫይረስ ቁራጭ ላዩ ላይ አያወጣም። እኔም በማሽኔ አላየውም፦ ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው ከሴል ወጥቶ ፕላዝማ በሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስት የምርምር ቡድኖች መድኃኒት በደንብ የሚወስዱና ቫይረሳቸው የማይታይ ሰዎችን ደም ወስደው የተኙ ሲዲ4 ሴሎችን ለዩ። ሴሎቹን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቀሰቅሷቸው ሕያው ቫይረስ ወጣ። ከሚሊዮን የተኛ ሴል አንድ ገደማ ነው እንዲህ ያለው። ትንሽ ይመስላል። ግን የሮበርት ሲሊሲያኖ ቡድን በ1999 እንዳሳየው ይህ ክምችት በግማሽ እስኪቀንስ 44 ወር ገደማ ይፈጃል። በዚህ አካሄድ ጨርሶ እንዲጠፋ ከ60 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል፦ የተያዘው ሴል ዘሩን ለመተካት ሲከፈል የተሰፋውን ቫይረስም ለሁለቱ ልጆቹ ያወርሳል። በ2014 የወጡ ጥናቶች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። አንድም አዲስ ሴል ሳይያዝ ክምችቱ ራሱን ይተካል።

አንድ ቀን ያ የተኛ ሴል የሚያውቀውን ጀርም ያገኛል። ትውስታ የተሠራው ለዚህ ስለሆነ ይነቃል። ቫይረሱም አብሮ ይነቃል። ኪኒኑን እየወሰዳችሁ ከሆነ የወጣው ቫይረስ ቀጣዩን ሴል መያዝ አይችልም፣ እዚያው ይቀራል። ኪኒኑን ካቆማችሁ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይራል ሎድ ተመልሶ ይወጣል። «ለምን እውጣለሁ?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው።

«ገና ሳይበዛ ቶሎ ቢጀመርስ?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሚሲሲፒ ውስጥ ከቫይረሱ ጋር የተወለደች ሕፃን ነበረች። መድኃኒት የተጀመረላት በተወለደች በ30 ሰዓት ነው። ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናት መድኃኒቱ ተቋረጠ። ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቫይረሱ አልታየም፤ ዓለም ሁሉ ዳነች ብሎ ተደሰተ። በ2014፣ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ተመልሶ መጣ። በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ የተያዙና የተኙ ጥቂት ሴሎች ነበሩ። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው ሰው ግን ድኗል፤ በ2020 በደም ካንሰሩ እስኪሞት ድረስ ኤችአይቪ አልተመለሰበትም። የዳነው ለዚያው ካንሰር ሲባል የራሱ መቅኔ ጠፍቶ፣ ኤችአይቪ በቀላሉ የማይገባበት ሴል ካለው ሰው መቅኔ ስለተተካለት ነው። ከእሱ በኋላም እንዲህ የዳኑ ጥቂት ሰዎች አሉ። ሕክምናው ራሱ ሊገድል ስለሚችል ግን ካንሰር ለሌለበት ሰው አይደረግም።

በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መድኃኒት የተቋረጠባቸው ብዙ ነበሩ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ኪኒን አስታውሶ አይይዝም፤ ይዞ የወጣውም አለቀበት። የማንም ጥፋት ያልሆነ መቋረጥ ነበር። ሲመለሱ ብዙዎቹ ፊታቸውን ቀና አድርገው ለማየት አፈሩ። ያ ማፈር እስከ ዛሬ ያመኛል። ሴሉ የነቃው እናንተ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። የሴል ባሕርይ ነው።

ትውስታ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኤችአይቪ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። ሳንባ ነቀርሳ ብዙዎቻችን ሳንባ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ዙሪያውን ከበው የያዙት ሲዲ4 የትውስታ ሴሎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ አይታችሁ ከሆነ፣ ክንድ ላይ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ የሚነበበው፣ ያ የሚያብጠው ነገር ራሱ የትውስታ ቲ ሴሎች መጥተው ነው። ኤችአይቪ ካልታከመ እነዚህን ሴሎች ቀድሞ ያመነምናል። ያኔ ለዓመታት ታፍኖ የነበረው ቲቢ ይነሳል፤ የቆዳው ምርመራ ደግሞ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሳል በሌለበት እንኳ የቲቢ መከላከያ ውሰድ የሚባለው ለዚህ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከያዘ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ የሚያመላልስ ረጅም ሕክምና ይከተላል።

ትውስታን የሚያጠፋ ሌላም አለ፦ ኩፍኝ። የኩፍኝ ቫይረስ የሚገባበት በር የትውስታ ሴሎች ላይ በብዛት ይገኛል። ልጁ ከኩፍኝ ሲድን ኩፍኝን ያስታውሳል፣ ከዚያ በፊት ያሸነፋቸውን ሌሎች በሽታዎች ግን በከፊል ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ከኩፍኝ በኋላ ከነባር አንቲቦዲያቸው ዓይነት ከመቶ 11 እስከ 73 የሚሆነው ጠፍቶ ተገኝቷል። ኩፍኙ አልፎ ወራት ቆይቶ ልጅ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲሞት ከኩፍኙ ጋር ማን ያያይዘዋል? «ኩፍኝ ሁሉም ልጅ የሚያልፈው ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁለተኛውን ብዙ እናቶች ይተዉታል። እባካችሁ አትተዉት።

አሁን የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። አይታይም ተብላችሁ ከሆነ ውጤቱ እውነት ነው፤ በደንብ እየወሰዳችሁ ቫይረሱ የማይታይባችሁ ከሆነ በግብረ ሥጋ ለትዳር ጓደኛ አታስተላልፉም። ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ማግባት፣ መውለድ ይቻላል። ዱዓውንም ጸበሉንም ከኪኒኑ ጋር ያዙት፤ አንዱ ሌላውን ተው አይልም። ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ በጦርነቱም ይሁን በስደት፣ በችግርም ይሁን በመሰላቸት፣ አብሽሩ፣ ኑ። ካርድ ቢጠፋባችሁ አዲስ ይወጣል። ድሮ ትታከሙበት የነበረው ጤና ጣቢያ ከራቃችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሂዱ፣ የት ትወስዱ እንደነበር ብቻ ንገሯቸው። ስትመጡ የተረፈ ኪኒን ካላችሁ ከነብልቃጡ ይዛችሁ ኑ፣ ምን ትወስዱ እንደነበር ማወቅ ይጠቅመናል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ቲቢ ቀድሞ መታየት አለበት። ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ደም እንቀዳለን፣ ውጤቱንም አብረን እናያለን።